ለኦርኪዶቹ የተሰጠው መስኮት

«ጠረጴዛዋ ወደ ኮሪደር ይውጣና አበቦቹ መስኮቱን ይያዙ።»

ይህን ያለው ወንድሟ ነው፤ ያለውም ለሚስቱ፣ መኝታ ክፍላቸው ውስጥ፣ ማንም አይሰማኝም ብሎ። ልብስ ሰፊዋ ግን ከግድግዳው ወዲህ ሳሎን ውስጥ ቆማ የመጨረሻውን ኮት ኮሌታ ትተኩስ ነበር። ግድግዳው ደግሞ ግድግዳ ይባል እንጂ ከወረቀት አይሻልም፤ በዚህ ቤት አንዱ ሲያዛጋ ማዶ ያለው አብሮ ያዛጋል። ካውያውን እንደያዘች ጆሮዋን ጣል አደረገች። «ኮሪደሩ ጨለማ አይደለም እንዴ?» አለች ሚስትየው። «አምፖል አለ አይደል? እሷ አምፖል ታበራለች። አበባ ተነስቶ አምፖል አያበራ» አለ ወንድምየው፣ ነገሩ በቃ ያለቀለት በሚመስል ድምፅ። «እሱስ እውነትህን ነው» አለች ሚስትየው። ልብስ ሰፊዋ ካውያውን ከኮሌታው ላይ ብድግ ያደረገችው የሚቃጠል ነገር ሲሸታት ነው። ደግነቱ ጨርቁ ጥቁር ነው፤ ቢያርም አያሳብቅም።

ወንድሟን ሰፈሩ ሁሉ ፊሽካ ነው የሚለው። ሃያ ሁለት ዓመት የእግር ኳስ ዳኛ ሆኖ ሲሮጥ ኖሮ፣ ጉልበቱ አልታዘዝም ሲለው ጡረታ ወጣና የተረፈውን ፍትሕ ሁሉ ይዞ ወደ ኦርኪድ ዞረ። ስምንት ማሰሮ ኦርኪድ አለው። ከቴሌቪዥኑ ጎን፣ ከመስኮቱ ርቆ ባለው መደርደሪያ ላይ በሁለት ረድፍ ቆመዋል፤ ቅጠላቸው ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ወደ ጥቁረት የሚያደላ አረንጓዴ ነው። የመጣ እንግዳ ሁሉ «ሲያምሩ፤ ምን ብታበላቸው ነው?» ይላል፤ ፊሽካም ደረቱን ነፋ አድርጎ የእንክብካቤውን ምስጢር ይዘረዝራል። የምስጢሩ ሁሉ ቁንጮ ማዞር ነው። በየምሽቱ ዜናው ሲያልቅ ይነሳና ስምንቱንም ማሰሮ አንድ በአንድ ሩብ ዙር ያዞራቸዋል፤ አንዱ ጎን ሁልጊዜ ብርሃን እያየ ሌላው ጎን ሁልጊዜ ግድግዳ የሚያይበት ጨዋታ እሱ ባለበት አይካሄድም። «የሜዳ ለውጥ» ይለዋል። ችግሩ፣ በሦስት ዓመት ውስጥ አንዳቸውም አላበቡም። አምና አንደኛው እንደ ምንም ብሎ የአበባ ዘንግ አወጣ፤ ዘንጉ ግን ቀጥ ብሎ በማደግ ፈንታ ዛሬ ወደዚህ ነገ ወደዚያ እየታጠፈ የቡሽ መክፈቻ መሰለ፤ ጫፉ ላይ የያዛቸውን ሰባት እንቡጦችም ሳይፈነዱ አራገፋቸው። ያን ጊዜ የፊሽካ ሚስት «የስፌት መኪናው ኳኳታ ነው ያስወረዳቸው» ብላ ፈረደች። ልብስ ሰፊዋም ሁለት ወር ሙሉ ፔዳሉን በእግር ጣቷ ጫፍ ብቻ እየነካች፣ እንደ ሌባ ስትሰፋ ከረመች።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንድ ባለሙያ ራዲዮ ላይ ቀርቦ፣ የኦርኪድ ቅጠል እንዲያ ሲጠቁር የጠገበ ሳይሆን ብርሃን የራበው መሆኑን፣ ጤነኛው ቅጠል ፈካ ያለ የሣር መልክ እንዳለው ተናገረ። ፊሽካ የሻይ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከመደርደሪያው ወደ መስኮቱ፣ ከመስኮቱ ወደ እህቱ ጠረጴዛ በዓይኑ ሲለካ ሰነበተ። ቤቱ ያለው ደህና መስኮት አንድ ብቻ ነው። የመኝታ ክፍሎቹ መስኮቶች ከጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ጋር ተፋጠው ነው የሚውሉት፤ የወጥ ቤቱማ እንዲያው ለስሙ መስኮት ተባለ እንጂ እጅ አያሾልክም።

ያ ደህና መስኮት የልብስ ሰፊዋ ነው፤ ማለትም ማንም የእሷ ነው ብሎ አያውቅም፣ ግን አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ጠረጴዛዋ እሱ ሥር ነው። ወደዚህ ቤት የመጣችው ለሁለት ሳምንት ነበር። ፎቁ ሦስተኛ ነው፤ መስኮቱ ፀሐይ መግቢያን ያያል፤ ከሥሩ ጎዳናው አለ። ጥቁር ጨርቅ በጥቁር ክር ለሚሰፋ ሰው የቀን ብርሃን ምን ማለት እንደሆነ መናገር አያስፈልግም፤ እሱን ማንም ይረዳዋል። እሷ ለማንም ያልተናገረችው ሌላ ነገር ነው። ክር ባለቀ ቁጥር ቀና ትላለች፤ ቀና ስትል ሰው ታያለች። ማን በስንት ሰዓት አውቶቡስ እንደሚጠብቅ፣ የትኛው ሱቅ ዛሬ አርፍዶ እንደተከፈተ፣ የትኛዋ ልጅ አዲስ ጫማ እንዳደረገችና ጫማው እንደጠበባት ታውቃለች። እነሱ አያውቋትም፤ እሷ ግን አብራቸው ውላ ታመሻለች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ጎረቤት ቡና ጠጪ ብሎ የሚጠራት አይነት ሰው አይደለችም፤ መስኮቱ ግን አለ። ይህን ለወንድሟ ብትነግረው ያዝንላታል፤ እሷ ደግሞ ከማንም ሐዘን አትፈልግም። ከዚህ ቤት በአስራ አንድ ዓመት ውስጥ የጠየቀችው ነገር ቢኖር ጨው አቀብሉኝ ነው።

በማግስቱ ቁርስ ላይ ሦስቱም ዳቦ ቆረሱ። ሚስትየው ፋርማሲ ውስጥ ቀኑን ሙሉ ቆማ ስለምትውል ጠዋት ጠዋት እግሯን ወንበር ላይ ሰቅላ ነው የምትበላው። ፊሽካ ሻዩን አሥር ጊዜ አማሰለ፤ ስኳር ግን አልጨመረበትም።

«ዛሬ ኮቶቹን ታደርሻለሽ አይደል?»

«አደርሳለሁ ጋሼ።»

«መቼ ትመለሻለሽ?»

«ምነው?»

«እንዲያው ነው።»

ሚስትየው እግሯን ከወንበሩ አወረደች፣ መልሳ ሰቀለች። ልብስ ሰፊዋ አፏ ድረስ የመጣውን ነገር ከዳቦው ጋር ዋጠችው። አስራ ሁለቱን የአስተናጋጅ ኮት በሁለት ትልልቅ ከረጢት ከትታ፣ መርፌና ክሯን በቦርሳዋ ይዛ ወጣች።

አውቶቡሱ ውስጥ ከረጢቶቹን አጠገቧ ባለው ወንበር ላይ ስታስቀምጥ ቲኬት ቆራጩ መጣና ሁለት ቲኬት ቆረጠላት። «አንድ ነኝ እኮ» አለችው። «ኮቶቹ ተቀምጠዋል» አለ። «ሰው የለባቸውም።» «እኔን የሚያከስረኝ ሰው የሌለበት ወንበር ነው፤ ሰው ቢኖርበት ይከፍለኝ ነበር።» ከኋላ የተቀመጡ ሳቁ፤ እሷም ሳቋን መቆጣጠር ስላቃታት ከፈለች። ዛሬ እንግዲህ ወንበሩም መስኮቱም በክርክር የሚገኝበት ቀን ነው፤ እሷ ደግሞ ክርክር አልተማረችም። መንገዱን ሙሉ ለወንድሟ የምትለውን ነገር በልቧ ሰፋችው፣ ተረተረችው። የሰፋችው ሁሉ «ቅር ካላለህ» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ሆቴሉ ትልቅ ነው። በጓሮ በር ገባችና ለልብስ ክፍል ኃላፊዋ አስረከበች። ኃላፊዋ አንዱን ኮት አንስታ ቁልፎቹን እንደ ጥርስ ሐኪም እየነቀነቀች መረመረች፤ የአስራ ሁለቱንም ቁልፍ ስትነቀንቅ ቀኑ ተጋመሰ። ያረረው ኮሌታ ጋ ስትደርስ ልብስ ሰፊዋ ባዶዎቹን ከረጢቶች ማጠፍ ጀመረች፤ ኃላፊዋ ግን አሽትታ «ጥሩ ተተኩሷል» ብላ አለፈች። ከዚያ ክፍያዋን ለመቀበል በዋናው አዳራሽ በኩል ማለፍ ነበረባት፤ እዚያ ነው እግሯ የተተከለው። የእንግዳ መቀበያው ባንኮኒ ላይ፣ መስኮት የሚባል ነገር በሌለበት፣ ሦስት ማሰሮ ኦርኪድ ነጭ አበባቸውን እንደ ቢራቢሮ መንጋ ደርድረው ቆመዋል። ዞር ዞር ብላ አየች። በጭራሽ መስኮት የለም። በቃ፣ ማስረጃው ይኸው።

አንድ ግራጫ ኮት የለበሱ ሽማግሌ የውሃ መርጫ ይዘው መጡና ቅጠሎቹን በጨርቅ ይጠርጉ ጀመር። የኮታቸው ኪስ ተገንጥሎ እንደ ምላስ ተንጠልጥሏል። ሠራተኞቹ ሞግዚቱ እያሉ ነው የሚጠሯቸው፤ አበቦቹን እንደ ሕፃን ስለሚያናግሩ ነው ይባላል።

«አባባ፣ እነዚህ ያለ መስኮት እንዴት አበቡ?»

«እዚህ መች አበቡና» አሉ ሳይዞሩ። «እዚህማ እንግዶች ናቸው። እንደ ሌላው እንግዳ ሦስት ሳምንት ያርፋሉ፣ ሰው ያያቸዋል፣ ይደክማሉ፣ ይወጣሉ።»

«ወዴት?»

«ወደ እኔ። ነይ ላሳይሽ፤ ማንም አይመስለውም እንጂ የዚህ ሆቴል ምርጥ ክፍል የእኔ ነው።»

ምርጡ ክፍል ምድር ቤት ከልብስ ማጠቢያው አጠገብ የሚገኝ፣ አንድም መስኮት የሌለው፣ የሳሙና ሽታ የሞላው ጓዳ ነበር። በሩ ሲከፈት ግን ልብስ ሰፊዋ ዓይኗን ጨፈነች። ከወለል እስከ ጣሪያ መደርደሪያ ነው፤ በየመደርደሪያው ሥር ረጃጅም ነጭ አምፖሎች ተጋድመዋል፤ ከአምፖሎቹ ሥር ሃምሳ የሚሆኑ ኦርኪዶች ፈካ ባለ አረንጓዴ ቅጠላቸው ላይ ብርሃኑን ተቀብለው ቁጭ ብለዋል። ዘንጎቹ ሁሉ አንገታቸውን ወደ አምፖሉ አስግገው፣ ስሙ ሲጠራ የሰማ ተማሪ ይመስላሉ። ሞግዚቱ አንድ በርሜል ገልብጠው አስቀመጧትና እንደ ቤታቸው እንግዳ አጫወቷት። ብርሃን ብርሃን ነው አሉ፤ ከሰማይ ይምጣ ከሶኬት፣ ቅጠሉ መንገዱን አይጠይቅም። በቀን አስራ ሁለት ሰዓት ይብራለት፣ ከዚያ ይጥፋለት፤ ሌሊት ጨለማውን ካላገኘ እንደ ሽማግሌ ይነጫነጫል። ቅጠሉ ከጠቆረ ርቦታል፤ ዳር ዳሩ ከቀላ በዝቶበታል፤ ከጥላ አውጥተው በአንድ ጊዜ የከሰዓት ፀሐይ ላይ ካስቀመጡት ደግሞ በአንድ ቀን ይቃጠላል፤ የተቃጠለው ቦታ ነጭ ሆኖ ይቀራል፣ ዳግመኛ አረንጓዴ አይሆንም። «እንዴት እንደሚለካ ላሳይሽ» ብለው መዳፏን ያዙና ከቅጠሉ አንድ ስንዝር ከፍ አድርገው ዘረጉት። በቅጠሉ ላይ የእጇ ጥላ አረፈ፤ ጠርዙ ለስለስ ያለ፣ የጣቶቿ ቅርጽ ግን በደንብ የሚለይ። «ይሄ ልኩ ነው። ጥላው በምላጭ እንደተቆረጠ ከሆነ ፀሐዩ በዝቷል። ጭራሽ ጥላ ከሌለ፣ እዚያ ኦርኪድ አታስቀምጪ፤ ወንበር አስቀምጪ።»

ልብስ ሰፊዋ የወንድሟን ነገር አጫወተቻቸው፤ የመስኮቱን ሳይሆን የማዞሩን። ሽማግሌው መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው የአፈር ከረጢት ላይ ቁጭ ብለው እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። «በየማታው? ዘንግ አውጥቶም? አየሽ፣ ዘንጉ ብርሃኑ ወዳለበት ቀን ሙሉ ተጉዞ ደረስኩ ብሎ ሲተኛ፣ ሰውየው ተነስቶ ፊቱን ወደ ግድግዳ ይመልሰዋል። በማግስቱም እንደገና ይጀምራል። ምስኪን፤ ይሄኮ አበባ ሳይሆን መንግሥት መሥሪያ ቤት ጉዳይ ያለው ሰው ነው።» ዘንግ ያወጣ ኦርኪድ ከነበረበት ንቅንቅ አይልም አሉ፤ ቅጠል ብቻ ሲሆን ነው ማዞር።

እሳቸው እየሳቁ ሳለ እሷ መርፌዋን አውጥታ የተገነጠለውን ኪሳቸውን ያዘች። ልማዷ ነው፤ የተተረተረ ነገር እያየች ዝም ብላ መቀመጥ አትችልም። በድርብ ክር አጥብቃ ሰፋችላቸው። ሽማግሌው ኪሳቸውን ጎተት ጎተት አድርገው ሞከሩና ምንም ሳይሉ ጓዳው ጥግ ከተከመረ ዕቃ መሃል አንድ ረጅም አምፖል ከነማቀፊያው መዝዘው አወጡ። አዲስ ስለመጣልኝ ይሄ ሊጣል ነው አሉ፤ በራሱ የሚያበራና የሚያጠፋ ሰዓት አለው፤ ገመዱ ላይ ትንሽ ተልጧል፣ በፕላስተር አሽጌዋለሁ። «ኪሱ ከኮቱ በላይ ይኖራል» አለች እሷ። «አምፖሉም ከእኔ በላይ» አሉ እሳቸው፣ ተለያዩ።

በመልሱ አውቶቡስ አምፖሉን ጭኗ ላይ እንደ ጠመንጃ አጋድማ ተቀመጠች። ቲኬት ቆራጩ ሌላ ነበር፤ አየት አድርጓት አለፈ። አሁን የምትናገረው ነገር አላት፤ አበቦቹ መስኮት አያስፈልጋቸውም፣ ይኸው መብራታቸው፣ መደርደሪያቸው ላይ ይሁኑ፣ እኔም ቦታዬ ልሁን። ግሩም ንግግር ነው። ሦስተኛ ፎቅ ደርሳ በሩን ስትከፍት ግን ንግግሩ እንደዘገየ አየች። ጠረጴዛዋ ኮሪደሩ ውስጥ ነው፤ በኮት መስቀያውና በመታጠቢያ ቤቱ በር መሃል፣ የተረሳ ዣንጥላ ላዩ ላይ ተጋድሞበት። የስፌት መኪናዋ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተቀምጣለች፤ ገመዱ ሶኬቱ ጋ አይደርስም። ፊሽካ ቤት የለም። እንደ ልማዱ አድርጎ ሸሽቷል፤ ሜዳ ላይ ቅጣት ምት ሰጥቶ ማንም ሳይደርስበት ጀርባውን አዙሮ ይሮጥ የነበረ ሰው ነው።

የሞግዚቱን አምፖል ጠረጴዛው ሥር አስገባችና ከጣሪያው የምትንጠለጠለውን ቢጫ አምፖል አብርታ ተቀመጠች። ነገ የሚደርስ አንድ ተጨማሪ ኮት አለ፤ ጥቁር። መርፌዋን አነሳች፣ ጥቁር ክር አነሳች። በመርፌው ቀዳዳ አልፎ ይሆናል ብላ ክሩን ሦስት ጊዜ ጎተተችው፤ ሦስቱንም ጊዜ ከመርፌው ጎን ነበር ያለፈው። ተነስታ ሳሎን ገባች። ስምንቱ ኦርኪዶች መስኮቱ ሥር ለቡድን ፎቶ እንደሚነሱ ተጫዋቾች ተደርድረዋል፤ ስስ መጋረጃዋ፣ ብርሃኑ በደንብ እንዲገባላቸው፣ ወልቆ ባልዲ ውስጥ ተዘፍዝፏል። ሰዓቱ ስምንት ተኩል ገደማ ነው፤ ፀሐይዋ ገና አሁን ነው በመስኮቱ ላይ ማዘንበል የጀመረችው። ጎዳናውን ለማየት በቅጠሎቹ ላይ አንገቷን አሰገገች፤ ለመደገፍ እጇን ስታሳርፍ አንዱን ቅጠል ነካችው። ቅጠሉ ይፋጃል፤ ልክ ሻይ እንደተቀዳበት ብርጭቆ።

እጇን አነሳች። ምን እንደሚሆን ታውቃለች፤ ዛሬ ጠዋት ቢሆን አታውቅም ነበር። እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ፀሐይዋ እዚሁ ናት። ማታ ቅጠሎቹ ላይ ነጭ ጠባሳ ይወጣል፣ ነገ ፊሽካ ጭንቅላቱን ይዞ «መስኮቱ አልተስማማቸውም» ይላል፣ ከነገ ወዲያ ጠረጴዛዋ ወደ ቦታው ይመለሳል። እሷ ምንም አላደረገችም፤ ምንም አልተናገረችም፤ አስራ አንድ ዓመት እንዳልተናገረችው ማለት ነው። ወደ ኮሪደሩ ተመለሰች። ተቀመጠች። ዣንጥላውን ከጠረጴዛው አውርዳ ሰቀለች። አንድ ደቂቃ ያህል ሆነ፣ ምናልባትም ሁለት። «ኤጭ» አለች ለራሷ። ቅጠል ምን አደረጋት? ከቁርጥራጭ ጨርቆቿ መሃል ነጭ ስስ ገበር መዘዘችና ወንበር ላይ ወጥታ መስኮቱ ላይ በመርፌ ቁልፍ ማያያዝ ጀመረች።

ግማሹን አያይዛ ሳትጨርስ በሩ ተከፈተ። ፊሽካ ነው፤ በአንድ እጁ የአበባ አፈር ይዟል።

«ምን እየሠራሽ ነው?»

«እየጋረድኩ።»

«ማንን? አበቦቼን? ከአበባ ጋር እልህ ተጋባሽ? ልትነግሪኝ አትችዪም ነበር፣ አፍ የለሽም?»

እንዲህ ሲላት ከወንበሩ ወረደች። ሌላ ጊዜ ቢሆን ኖሮ ገበሩን አውልቃ ይቅርታ ትለው ነበር። አሁን ግን የእጁን አንጓ ያዘችና ገና ያልተጋረደው ዳር ላይ ያለ ቅጠል ላይ መዳፉን አሳረፈችው። ፊሽካ እጁን ሳብ አደረገ። መዳፉን አየ፣ ቅጠሉን አየ።

«ገና ስምንት ተኩል ነው ጋሼ» አለች። «አሥር ሰዓት ላይ ፀሐይዋ ትቀቅላቸው ነበር።»

«ራዲዮው ይሄን አላለም።»

«ራዲዮው የእኛ መስኮት ወዴት እንደሚያይ በምን ያውቃል?»

የቀረውን ገበር እሱ ራሱ ያዘላትና ጨረሱ። ከዚያ ሞግዚቱ ያሳዩአትን የእጅ ጥላ አሳየችው። ፊሽካ ሕግ ያለው ነገር ሁሉ ይወዳል፤ መለኪያ ሲያገኝ ፊቱ እንደ ልጅ ይበራል። በገበሩ በኩል የገባው ብርሃን ላይ መዳፉን ዘረጋ፤ ለስላሳ ጥላ። «ልክ ነው» አለ። መደርደሪያው ጋ ሄዶ ዘረጋ፤ ምንም። «ሦስት ዓመት ዋሻ ውስጥ ነው ያኖርኳቸው» አለ። ወጥ ቤት ገብቶ ለካ፣ መኝታ ክፍል ገብቶ ለካ፣ መታጠቢያ ቤት ገብቶ ለካ፤ ከየክፍሉ ውጤቱን እየጮኸ ያሳውቃል። እሷ ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ ከመርፌው ጋር ትግሏን ቀጥላለች። ከመታጠቢያ ቤቱ ሲወጣ ከፊቱ ያገኘው የእሷን ጠረጴዛ ነበርና በዚያው ወኔ መዳፉን ጥቁሩ ኮት ላይ ዘረጋው። «እዚህ ጭራሽ የለም። እዚህ አንድ ሳምንት ብታስቀምጪው ቀጥ ብሎ ነው የሚሞ…» ካለ በኋላ ቃሉን አልጨረሰም። እጁም ከተዘረጋበት አልተሰበሰበም። እሷ ቀና አላለችም። ክሩ በአራተኛው ጊዜም ከመርፌው ጎን አለፈ። ፊሽካ ይህን አየ። 

«ይሄን ይዘሽ ስንት ሰዓት ነው የምትውዪው?» አለ።

«አስር። ሲበዛ አስራ አንድ።»

ፊሽካ እጁን ሰበሰበ። «ለሁለት እንካፈለው። ግማሹ መስኮት ላንቺ፣ ግማሹ ለነሱ። በሜትር እለካዋለሁ።» ፍርዱ ልክ ነበር፤ ችግሩ፣ ጠረጴዛዋ ብቻ የመስኮቱን ሙሉ ስፋት ያህላል። አፏ «እሺ ጋሼ» ለማለት ተከፍቶ ነበር፤ ብዙ ዓመት የለመደው መንገድ ነው። በዚያ ፈንታ ጠረጴዛው ሥር ጎንበስ አለችና አምፖሉን አወጣች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ሁለት ሰው ሳይሆን አንድ ቡድን የሠራው ነው የሚመስለው። አምፖሉ ለቴሌቪዥኑ ጎን መደርደሪያ ረዝሞ ስላልገባ ኮሪደሩ ውስጥ ያለው ጫማ መደርደሪያ ባዶ ሆነ፣ ጫማዎቹ አልጋ ሥር ገቡ፣ አምፖሉ ከላይ ተሰቀለ፣ ስምንቱ ኦርኪዶች ኮሪደሩ ውስጥ ከሥሩ ተደረደሩ፤ ፊሽካ የእያንዳንዱን ርቀት በስንዝር ለካ፣ የእያንዳንዱን ጥላ አየ፣ ሰዓቱን አራት ጊዜ ሞላ። ጠረጴዛውን እየገፉ ወደ መስኮቱ ሲመልሱ ጉልበቱ ቋ አለ፤ አላማረረም። የማዞሩን ጉዳይ የነገረችው ያን ጊዜ ነው፤ ሥራ በዝቶበት ሳለ ይቀለዋል ብላ። አልቀለለውም። ጫማ መደርደሪያው አጠገብ ትንሽዬ የእንጨት ዱካ ላይ ቁጭ አለ። «በየማታው?» አለ። «በየማታው» አለች። «ያ ዘንግ እንደዚያ የተጠማዘዘው…» «ብርሃኑን ሲከተል ነዋ።» ፊሽካ «ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ያለ ስህተት አልፈረድኩም» አለ፤ የስፌት መኪናዋን ኳኳታ ጉዳይ ሁለቱም አላነሱትም፣ እሱ ግን ሻይ አፍልቶ ጠረጴዛዋ ድረስ አመጣላት፤ በዚህ ቤት ይህ ይቅርታ መሆኑን ለማወቅ መጽሐፍ ማንበብ አያስፈልግም።

ሚስትየው አስራ ሁለት ሰዓት ላይ በሩን ከፍታ ስትገባ እጇን ግንባሯ ላይ ጋረደች። ኮሪደሩ እንደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ቦግ ብሏል። ባሏ ዱካ ላይ ተቀምጦ ኦርኪዶቹን አፍጥጦ ያያል። ነገሩን ሁሉ ከሀ እስከ ፐ ተረከላት፤ እሷም ጫማዋን እያወለቀች አዳመጠች፣ አምፖሉን አየች፣ ሳሎን ውስጥ ወደ ቦታው የተመለሰውን ጠረጴዛ አየች። ክፉ ሰው አይደለችም፤ ቀኑን ሙሉ ሐኪም የጻፈውን ወረቀት እያነበበች የጎደለውን ስትሞላ የምትውል ሴት ናት።

«ጎበዝ» አለች። «ግን እንዲህ ከበራማ፣ እሷስ እዚሁ ብትሰፋ? የኮሪደሩ ብርሃን ከመስኮቱ በለጠ እኮ። ሳሎኑም ይለቀቅልን ነበር።»

ፊሽካ ጣሪያውን አየ። እንደ ሕጉ ከሆነ ሚስቱ ልክ ናት። ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ስለ ብርሃን ተከራክራ፣ ብርሃኑን በገዛ እጇ ተሸክማ አምጥታ፣ አሁን ያው ብርሃን ዞሮ በእሷ ላይ ምስክር ቆመ። ጥቁር ጨርቅ፣ ጥቁር ክር የሚባለው ነገር አለቀ። የቀራት ያልተናገረችው ብቻ ነው። ሳሎን ከተቀመጠችበት የስፌት መኪናዋ ላይ እጇን አሳረፈች።

«እትዬ፣ እኔ መስኮቱን ለብርሃኑ ብቻ አይደለም የምፈልገው።»

«ታዲያ ለምን?»

«ሰው ለማየት።»

ሚስትየው ጫማዋን አስቀመጠች።  «ምን ሰው?» አለች።

«የሚያልፈውን። ዝም ብሎ የሚያልፈውን ሰው። ኮሪደር ውስጥ ቀና ስል ኮት መስቀያ ነው የማየው። እዚህ ቀና ስል ሰው አያለሁ።» የመኪናዋን ጎማ አንድ ጊዜ አዞረች። «ሌላ አልፈልግም። ይሄን ግን እፈልጋለሁ።»

አንድ ሰው በዚህ ቤት ውስጥ እፈልጋለሁ ሲል የተሰማው ስንት ጊዜ እንደሆነ እንጃ። ሚስትየው በባዶ እግሯ ወደ ሳሎን ገባች። ፊሽካ ከዱካው ላይ ምንም እንዳትል ብሎ ሊጠቁማት ፈልጎ እጁን አነሳ፤ ምን እንደሚጠቁም ግን ስላላወቀ አወረደው። ሚስትየው መስኮቱ ጋ ደርሳ ገበሩን ገለጥ አደረገች። ገልጣ የምታየው ነገር መኖሩን የምታውቅ አትመስልም ነበር፤ ቤቱ የእሷ ነው፣ ጎዳናው ግን እስከ ዛሬ የአውቶቡስ ማቆሚያ ብቻ ነበር። ቀኑ እየመሸ ነው። ከታች አንድ ሰውዬ ቁመቱን የሚያህል መስታወት ጀርባው ላይ አዝሎ ቀስ እያለ ያልፋል። ከኋላው የሚከተሉት መንገደኞች ሳያስቡት ጠጉራቸውን ያስተካክላሉ፤ አንዷ ሴት ቆማ ከንፈሯን ተቀባች፤ ሰውዬው ሲራመድ እሷም አብራ ትራመዳለች፣ ሳትጨርስ እንዳያመልጣት። ተሸካሚው ምንም አላወቀም።

ሚስትየው ሳቀች። በመጀመሪያ በአፍንጫዋ፣ ከዚያ በሆዷ። የልብስ ሰፊዋም ሳቅ መጣ፤ ከሌላ ሰው ጋር ሆና ጎዳናውን አይታ አታውቅም፣ ለብቻ ሲሳቅ ድምፅ እንደማያወጣ ያን ጊዜ ነው የገባት። ሴትየዋ የታችኛውን ከንፈሯን ገና እየቀባች ሳለ መስታወቱ ወደ ጥጉ መታጠፍ ጀመረ።

ሚስትየው ዓይኗን ከጎዳናው ሳታነሳ ከኋላዋ ወንበር በእጇ ዳበሰች፣ አገኘች፣ ሳበች።

«ጠጋ በይልኝ እስቲ» አለች።

ልብስ ሰፊዋ ጠጋ አለችላት።